የይፋት ጠጠርና የብስክሌት ጎማ፦ የትኛው ጎማ፣ በስንት ሰዓት?

የይፋት ቆላዋ ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1280 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። አስፋልቱን ለቆ መውጣት ለሚወድ ብስክሌተኛ የምትመች ከተማ ናት፤ ዳገቱ ሁሉ በምዕራብ በኩል፣ ጣርማ በር ላይ ቀርቷል። ከዋናው የደሴ መንገድ ወደ ቀወት ወረዳ ገጠር ቀበሌዎችና ወደ አፋር አቅጣጫ የሚገነጠሉት መንገዶች ግን አብዛኞቹ ጠጠር ናቸው። በዚያ በኩል ለመንዳት ያሰበ ሁሉ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ የትኛው ጎማ ይሻላል? መቼስ ቢወጣ ይሻላል?

ሁለቱን ጥያቄዎች ነጣጥሎ መመለስ አይቻልም። በኅዳር ማለዳ ያለ ችግር የሚሄድ ጎማ በነሐሴ ዋልካ ውስጥ ጭቃ ጠቅልሎ ይቆማል። ለነሐሴ የተገዛው ጥርሳም ጎማ ደግሞ በደረቁ መንገድ ላይ ጉልበት ይበላል።

በውጭ አገር ስለ ጠጠር መንገድ የሚጻፈው ምክር ብዙውን ጊዜ ባቡር መሄድ ባቆመባቸው መስመሮች ላይ የተሞከረ ነው። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ያለው ኬቲ ትሬይል 386 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሐዲዱ ተነቅሎ በቦታው ደቃቅ የኖራ ድንጋይ ተደልድሏል፤ ባቡር ዳገት ስለማይወድም መንገዱ ለጥ ያለ ነው። እዚያ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ከበቂ በላይ ነው። በይፋት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ እዚህ ያለው የተነቀለ ሳይሆን አዲስ ሐዲድ ነው፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው። አንዳንዱ ሐዲዱን ሲያይ «በዳሩ ብነዳስ?» ይላል። አይሆንም። ከሐዲዱ ሥር የፈሰሰው ድንጋይ ከ3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ጠርዙ የሰላ ነው፤ ውኃ እንዲያሳልፍ ሆን ተብሎ በመካከሉ ክፍተት ይተውለታል። የብስክሌት ጎማ ይሰምጥበታል፣ ጎኑም ይቀደዳል። የባቡር ክልል መሆኑ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው።

1. መጀመሪያ መንገዱን በእግር ይዩት

ሱቅ ከመግባት በፊት መንገዱን መርገጥ ይቀድማል። በዚህ ቆላ «ፒስታ» በሚለው አንድ ስም የሚጠሩት መንገዶች አንድ ዓይነት አይደሉም። ሰሌክት ለብሶ በሩሎ የተጠቀጠቀው ከሁሉ ይመቻል። የተፈጨ ጠጠር የተበተነበት ይከተላል፤ ግንበኞች ዜሮ አንድ የሚሉት ደቃቁ ጠጠር ብዙም አያስቸግርም፣ ዜሮ ሁለት የሚሉት ወፍራሙ ግን ካልተጠቀጠቀ የፊት ጎማን ወዲያና ወዲህ ያንሸራትታል። ከወንዝ የወጣ ድቡልቡል ድንጋይ የተደፋበትም አለ። የመጨረሻው ጠጠሩ አልቆ ዋልካው የወጣበት ነው፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ማጥ።

መለያው ቀላል ነው። የመንገዱን ፊት በጫማ ተረከዝ ጠንከር አድርገው ይምቱት። ካልተናደ የተጠቀጠቀ ነው። ጠጠሩ ከተበተነና ከሥሩ ያለው አፈር ከታየ ሰፊ ጎማ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ከከተማው መውጫ ላይ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ገባ ብለውም ይሞክሩት፤ መውጫው ላይ ባጃጅ ስለሚመላለስበት ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይታያል።

ግሬደር በቅርቡ የገባበት መንገድ ለዓይን ያምራል፣ ለብስክሌት ግን ከአሮጌው ይብሳል፤ ጠጠሩ ገና አልረጋም። ከባድ መኪና ለጥቂት ሳምንታት እስኪያረጋው መጠበቅ፣ አለዚያም የመኪና ጎማ ባለፈበት ፈር ላይ ብቻ መንዳት ይበጃል። ወራት አልፈው ሽንኩርት የጫነው አይሱዙ ሲመላለስበት ደግሞ መንገዱ እንደ ቀሚስ ይሸነሸናል። ሽንሽን መንገድ ላይ እጅ የሚያደነዝዘው የጎማው ጥርስ ማነስ አይደለም፤ ነፋሱ መብዛቱ ነው። ወደዚያ እንመለሳለን።

2. በጎማው ጎን የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ

ሱቅ ገብቶ «ሃያ ስድስት ጎማ አለ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ ከሚያስጠፉ ስሕተቶች ዋነኛው ነው። 26 ተብለው የሚሸጡ፣ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ የማይገቡ ጎማዎች አሉ። ባለ ሰፊ ጎማው የተራራ ብስክሌት ቸርኬ 559 ሚሊ ሜትር ነው፤ 26 በ1 ከ3/8 የሚባለው የቆየ ዓይነት ግን 590 ነው። በ28ም ያው ነው። ዛሬ 700 የሚባለው ቸርኬ 622 ሲሆን፣ 28 በ1½ ተብሎ የሚጻፈው የቻይናና የሕንድ አሮጌ ብስክሌት ጎማ 635 ነው። በዓይን ሲታዩ አይለዩም፤ ሲገጠሙ ግን አንዱ ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል።

መፍትሔው በአሮጌው ጎማ ጎን በትንንሽ ፊደል የተጻፉትን በሰረዝ የተያያዙ ሁለት ቁጥሮች በወረቀት መያዝ ነው። ለምሳሌ 40-622 ቢል 40ው የጎማው ስፋት፣ 622ቱ የቸርኬው ልክ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ፈጽሞ አይቀየርም፤ የሚመረጠው የመጀመሪያው ነው። ይህን ወረቀት የያዘ ሰው መርካቶም ሆነ ደብረ ብርሃን ሰው ልኮ ማስገዛት ይችላል፤ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ምርጫው ጠባብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ መላክ አይቀርም።

ሲገዙ የጎማውን ጎን አጠፍ አድርገው ይዩት። ከሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ጎማ አዲስ ቢሆንም ጎኑ ላይ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ያወጣል። ዋጋው ቢቀነስም አይውሰዱት።

3. ስፋቱን ይወስኑ

ለተጠቀጠቀ ሰሌክት ብቻ ከሆነ ከ35 እስከ 38 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ልቅ ጠጠር ለሚበዛበት ከ40 እስከ 47 ይፈለጋል። ድቡልቡል ድንጋይና የደረቀ የወንዝ አሸዋ ለሚያቋርጥ ሰው ደግሞ 2 ኢንች (50 ሚሊ ሜትር ግድም) እና ከዚያ በላይ ነው የሚያዋጣው። ይፋት ውስጥ አንድ ጉዞ ሦስቱንም ስለሚያገናኝ የዚህ ጽሑፍ ፍርድ ወደ ሰፊው ያጋድላል። የተራራ ብስክሌት ያለው ሰው 26 በ2.10 ይዞ ቢወጣ አይቆጭም፤ ቀጭን ጎማ የሚያተርፈው ፍጥነት ከአስፋልቱ ከወጡ በኋላ የለም ማለት ይቻላል።

ወሰን የሚያደርገው ሹካው ነው። ጎማው ከተገጠመ በኋላ በግራም፣ በቀኝም፣ ከላይም ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት መቅረት አለበት። ከዚያ ካነሰ በሁለቱ መካከል የተቀረቀረ ጠጠር ቀለሙን ልጦ ብረቱን ይቦረቡራል፤ ዋልካ ከሆነማ ጎማው ጨርሶ አይዞርም።

ጥርስን በተመለከተ ብዙ ሰው ትልልቅ ጥርስ ያለውን ይመርጣል። ለደረቅ ጠጠር ግን መሐሉ ለስለስ ያለ፣ ጎንና ጎኑ ላይ ጥርስ ያለው ጎማ ይሻላል። ቀጥ ብሎ ሲሄድ አያንገጫግጭም፣ ሲታጠፍ ይይዛል። አንዱን ብቻ ጥርሳም ማድረግ ከተቻለ ለፊት ይሁን፤ የኋላው ቢንሸራተት ሰው ይመለሳል፣ የፊቱ ቢንሸራተት ይወድቃል።

4. ለእሾህ ይዘጋጁ

በይፋት ቆላ ጎማ የሚያስተነፍሰው ከድንጋይ ይልቅ እሾህ ነው። በመንገዱ ዳር ግራር አለ፤ እረኞችና ገበሬዎች ለአጥር የቆረጡት ቅርንጫፍ በጋሪ ሲጓጓዝ ይንጠባጠባል። ከአፋር በኩል እየተስፋፋ የመጣው ፕሮሶፒስም እሾሁ ረጅምና ጠንካራ ነው። መሬት ለመሬት የሚሳበው ኩርንችት ደግሞ ፍሬው በየትኛውም ጎኑ ቢወድቅ አንድ እሾህ ወደ ላይ ያቆማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ገንዘብ አይጠይቅም፦ መኪና ለማሳለፍ ካልሆነ በቀር የመንገዱን ጠርዝ አይጠጉ፣ ለዕረፍት ከግራር ጥላ ሥር ሲገቡም ብስክሌቱን ተሸክመው ይግቡ።

ቀጥሎ ከመነዳሪው ነው። ቫልቩ በብዛት ሁለት ዓይነት ነው፤ እንደ መኪና ጎማ ወፍራሙና ቀጭኑ። በየከተማው ያለው የጎሚስታ አየር መሙያ የሚገጥመው ከወፍራሙ ጋር ብቻ ነው። ከውጭ የመጣ ባለ ቀጭን ቫልቭ ብስክሌት ያለው ሰው ትንሿን የነሐስ መገጣጠሚያ ካልያዘ ጎሚስታው ደጃፍ ቆሞ ጎማውን መንፋት አይችልም። ቸርኬው ከፈቀደ ወደ ወፍራሙ መዞር ይሻላል፤ ጠባብ ቸርኬን ሰርስሮ ቀዳዳ ማስፋት ግን ብረቱን ያደክመዋል።

ያለ ከመነዳሪ፣ በውስጡ ፈሳሽ ማሸጊያ ተደርጎበት የሚሄድ ጎማም አለ። ለእሾህ እጅግ ጥሩ ነው፣ ትንንሽ ቀዳዳን እየሄደ ይደፍናል። ችግሩ ፈሳሹ በሙቀት ቶሎ ይደርቃል፣ ሲደርቅም በቅርብ የሚገኝ ምትክ የለም። ለይፋት የሚመከረው መካከለኛው መንገድ ነው፤ ተራ ከመነዳሪ ውስጥ፣ የቫልቩን ልብ ፈትቶ፣ ጥቂት ማሸጊያ መጨመር። ማሸጊያ ያላገኘ ሰው አሮጌ ከመነዳሪ በርዝመቱ ቀድዶ በጎማውና በአዲሱ ከመነዳሪ መካከል ቢያነጥፈው ከብዙ እሾህ ይድናል። ክብደት ይጨምራል፤ ይጨምር።

ጎማው ከተነፈሰ ደግሞ ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። ከመነዳሪውን አውጥተው ይንፉትና ከጉንጭ አጠገብ ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ የሚወጣው ነፋስ በጆሮ ባይሰማ በቆዳ ይሰማል። ቀዳዳውን ካገኙ በኋላ ወዲያው ለመለጠፍ አይቸኩሉ። ጥጥ ወይም ነጠላ ጨርቅ ይዘው የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን ይጥረጉ፤ የተሰበረ የእሾህ ጫፍ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። በጣት መፈለግ ጣትን ማስወጋት ነው፣ ደግሞም ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ይህን የዘለለ ሰው የለጠፈውን ከመነዳሪ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ያወጣል። ከዚያ ቀዳዳው ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ ያድርጉ፣ ማስቲሹን ስስ አድርገው ይቀቡ፣ እጅ ላይ እስከማይጣበቅ ድረስ ይድረቅ፣ ከዚያ ይለጥፉ። ማስቲሹ ሳይደርቅ መለጠፍ ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት ነው፤ በሙቀት ይላቀቃል።

5. ነፋሱን በልኩ ያድርጉ

ጎሚስታ ዘንድ የሄደ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ ከልክ በላይ ተነፍቶ ይመለሳል። በአስፋልት ላይ ደግ ሊሆን ይችላል፤ በጠጠር ላይ ግን የደረቀ ጎማ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይዘላል፣ መሪ አይታዘዝም፣ ክንድ ይዝላል። ክብደቱ 75 ኪሎ የሚሆን ሰው፣ ከመነዳሪ ባለው ጎማ ላይ፣ ከእነዚህ ቁጥሮች ይነሣ፦

ለ35 ሚሊ ሜትር፦ ከፊት 50፣ ከኋላ 55 ፒኤስአይ።
ለ40 ሚሊ ሜትር፦ ከፊት 38፣ ከኋላ 42።
ለ2.10 ኢንች፦ ከፊት 28፣ ከኋላ 32።

ዕቃ የጫነ ሰው የኋላውን ከፍ ያድርግ፣ ቀለል ያለ ሰው ሁለቱንም ይቀንስ። ዝቅ ማድረጉ ገደብ አለው፤ ድንጋይ ሲመታ ቸርኬው ጎማውን አልፎ «ጠቅ» ካለ ከመነዳሪው ሁለት ትይዩ ቀዳዳ ያወጣል። ያን ድምፅ የሰማ ሰው ወዲያው ሦስት አራት ፒኤስአይ ይጨምር። በኮምፕሬሰር ሲነፉ ደግሞ ጥቂት ጥቂት እየለቀቁ ይሁን፤ የመኪና ጎማ ለመሙላት የተሠራ መሣሪያ የብስክሌት ከመነዳሪን በሰከንዶች ያፈነዳል።

ከደብረ ብርሃን በብስክሌት የሚወርዱ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ስሌት አላቸው። 2840 ሜትር ላይ በማለዳ ብርድ የተነፋ ጎማ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ሲደርስ ግፊቱ ይጨምራል፤ በሌላ በኩል ቆላው ላይ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ሁለት ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። ሁለቱ በከፊል ይጣፋሉ፣ ስለዚህ ከላይ ሲነሡ ማስተንፈስ አያስፈልግም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ እስከ ቆላው ድረስ ፍሬን ጨብጦ መውረድ፣ ፍሬኑ ቸርኬን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ፣ ብረቱን አግሎ ከመነዳሪ ሊያፈነዳ ይችላል። ፊትና ኋላን እያፈራረቁ፣ አጥብቆ ይዞ ፈጥኖ እየለቀቁ መውረድ፣ ደብረ ሲናና አርማንያ ላይ ቆሞ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

6. ወሩን ይምረጡ

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። መሬቱ ደርቋል፣ ጥዋቱ ቀዝቃዛ ነው። መስከረም ለዓይን ይማርካል፣ ሥሩ ግን ገና ውኃ እንደያዘ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በልግ ይገባል፤ ዝናቡ በየቀኑ ስላልሆነ ቀን እየመረጡ መውጣት ይቻላል። ግንቦትና ሰኔ ከሙቀቱ የተነሣ ለረጅም ጉዞ አይሆኑም። ሐምሌና ነሐሴ ይቅሩ።

ከዘነበ በኋላ ስንት ቀን ይጠበቃል? ሰሌክት ከሆነ በግማሽ ቀን ፀሐይ ይደርቃል። ዋልካ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ዐሥር እርምጃ ሄደው አፈሩ ከጫማዎ ሥር ከተጣበቀ ከጎማዎም ይጣበቃል፤ ይመለሱ። የረጠበ መንገድ ላይ የተተወ የጎማ ፈር ሲደርቅ እንደሚጠነክርና የሌላውን ጋሪም ብስክሌትም እንደሚያስቸግር ማሰብም ደግ ነው።

ሸዋ ሮቢትና አካባቢዋ ወባ ያለባቸው መሆኑ አይዘንጋ። የወባ ስርጭት የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ ለመንዳት ከሚመቸው ወቅት ጋር በከፊል ይገጥማል። የሚያድር ሰው አጎበር ካለበት ይደር፣ ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት ከያዘውም ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

7. ሰዓቱን ያክብሩ

ፀሐይ እንደ ወቅቱ ከጥዋቱ 12 ሰዓት እስከ 12፡45 ባለው ጊዜ ትወጣለች። ብርሃን እንደሆነ መነሣት፣ በ4 ሰዓት ጥላ ውስጥ መግባት፤ በግንቦት ደግሞ በ3 ሰዓት። ሙቀቱ የሚበረታው ከ7 እስከ 10 ሰዓት ነው፤ በዚያ ጊዜ ማስቲሽም ልብም አይጸናም። በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ውኃ መያዝ ያስፈልጋል። ከሁለት ሰዓት በላይ ለሚነዳ ሰው ከፋርማሲ የሚገዛው ኦአርኤስ አብሮ ይሁን፤ ባዶ ውኃ ብቻ የጠጣ ሰው በላብ የወጣውን ጨው አይተካም።

ማለዳም ቢሆን የገበያ ቀን ይለያል። የሰንበቴ ከተማ ገበያ እሑድ ነው፤ በዚያ በኩል ያሉት መንገዶች ገና ጎሕ ሳይቀድ በግመል፣ በአህያና በጋሪ ይሞላሉ። ግመል ከኋላው ድምፅ ሳይሰማ የደረሰ ብስክሌት ያስደነግጠዋል። ከሩቅ ድምፅ ማሰማት፣ ባለቤቱ ገመዱን እስኪይዝ መጠበቅ፣ ካስፈለገም ወርዶ መግፋት የአገሩ ደንብ ነው።

8. ወንዙን አይመኑ

ሮቢና ጀውሃን የመሳሰሉት ወንዞች የሚነሡት ከላይ ከተራራው ነው። ቆላው ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ደጋው ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘንበው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ድልድይ የሌለውን ወንዝ ጥዋት ተሻግሮ ማታ እመለሳለሁ ማለት በዝናብ ወራት አደገኛ ሐሳብ ነው። ውኃው ሲደፈርስ ወይም ከላይ ሲያስገመግም ከተሰማ ብስክሌቱን ትቶ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። የወረደው ደራሽ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል፤ ማዶ ሆኖ መጠበቅ ይቻላል።

9. ከመውጣትዎ በፊት ይጠይቁ

አካባቢው በ2013 ዓ.ም. በግጭት ተጎድቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም የአማራ ክልል በትጥቅ ግጭት ውስጥ አልፏል። ስለዚህ የጸጥታው ጉዳይ ከጎማው ይቀድማል። በዚያው ቀን ጥዋት የአካባቢውን ሰው፣ ሾፌሮችንና የቀበሌውን አስተዳደር መጠየቅ፣ የት ሄደው በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ለአንድ ሰው ነግሮ መውጣት፣ መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል። መንገዱ ጥያቄ ካለበት ጉዞው ይቅር።

ገንዘቡ ለሁሉ ካልበቃም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ሁለት መለዋወጫ ከመነዳሪ፣ ቀጥሎ ማስቲሽ፣ መለጠፊያና የእጅ ፓምፕ፣ ከዚያ የፊት ጎማ፣ በመጨረሻ የኋላው።